ለግቢያችሁ የማን ጆሮ ይሻላል? ውሻ፣ ዝይ፣ ጅግራ፣ ድመት፣ ጉጉትና አህያ ሲነጻጸሩ

ከተማ ዳር ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ብዙም ሳይቆይ ምክር ይጎርፍለታል። አንዱ "ውሻ ሳትይዝ እንዴት ታድራለህ?" ይለዋል። ሌላው "ዝይ ከውሻ ይበልጣል" ብሎ ይከራከራል። ዶሮ አርቢው ጅግራ ይመክራል። እህሏን አይጥ የጨረሰባት ጎረቤት ደግሞ ድመት ታፈላልጋለች። ሁሉም የሚያቀርቡት ምክንያት አንድ ነው፤ "ጆሮው ኃይለኛ ነው።"

ክርክሩ ሁሌ "ማን የበለጠ ይሰማል?" የሚለው ላይ ይቆማል። እኔ ግን ከሌላ ጥያቄ እንድትነሱ እፈልጋለሁ። ግቢያችሁ የሚመጣው ማነው? ሌባ ነው? ጅብ? ሸለምጥማጥ? ጭልፊት? አይጥ? የእያንዳንዱ ድምፅ የተለያየ ነው። የሚበቃለት ጆሮም እንደዚያው ይለያያል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ የድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ነው። ይህ በሄርዝ ይቆጠራል። ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሲጨምር ይቀጥናል። ጤነኛ ወጣት ሰው ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል። ኮቴ፣ ሹክሹክታ፣ የሚነቃነቅ የቆርቆሮ አጥር፣ እነዚህ ሁሉ ሰውም የሚሰማቸው ድምፆች ናቸው። አይጦች ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራሩት ከ20,000 ሄርዝ በላይ በሆነ ድምፅ ነው። ኮርኒሱ ላይ ሲሯሯጡ ትሰማላችሁ፤ ሲጠራሩ ግን አትሰሙም።

ሁለተኛው፣ እንስሳው ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ መለየት መቻሉ ነው። ይህ በዲግሪ ይለካል። ሰው በዚህ ጎበዝ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ያለ ድምፅ አንድ ዲግሪ ያህል ቢዛወር ይለያል። ብዙ እንስሳት ከኛ ያንሳሉ።

ሦስተኛው፣ ሰምቶ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ከሁሉም አስበልጬ የማየው ይህንን ነው። ሰምቶ ዝም የሚል እንስሳ ለራሱ እንጂ ለእናንተ አልሰማም።

አራተኛው እንቅልፍና ዕድሜ ነው። ሌሊት እንዴት ይተኛል? ሲያረጅስ ጆሮው ይከዳዋል? ከዚያ ወጪው፣ ጎረቤቱና ጤናው ይከተላሉ።

ውሻ

የውሻ ጆሮ ከ67 ገደማ እስከ 45,000 ሄርዝ ይደርሳል። ከሰው የሚበልጠው በቀጭኑ ድምፅ በኩል ነው። በወፍራሙ በኩል ልዩነታችን ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ "ውሻ ከሰው ይህን ያህል እጥፍ ርቀት ይሰማል" የሚል ቁጥር ስትሰሙ፣ የምን ድምፅ ብላችሁ ጠይቁ። ሽቦ ሲቆረጥ ወይም ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ላይ ውሻ በእርግጥ ይበልጠናል።

አቅጣጫ የመለየት አቅሙ 8 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሰው ያንሳል፤ ለግቢ ግን ከበቂ በላይ ነው። የትኛው አጥር ጋ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ ወደዚያው ይሮጣል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚያታልለው የመጠን ነገር ነው። ሰዎች ትልቅ ውሻ የበለጠ የሚሰማ እየመሰላቸው ብዙ ብር ያወጣሉ። በ1983 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከትንሿ ቺዋዋ እስከ ግዙፉ ሴንት በርናርድ ድረስ የውሾችን የመስማት ችሎታ ለክቶ ነበር። የአካል መጠን በሚሰሙት ላይ የረባ ልዩነት አላመጣም። ግዙፍ ውሻ የምትገዙት ለማስፈራራት ከሆነ ጥሩ። ለጆሮው ከሆነ የሀበሻው ውሻ አያንስም። ደግሞ አየሩን ለምዶታል፤ የሚበላውም ያነሰ ነው።

የቡችላ ጆሮ መቁረጥም የመስማት ችሎታን አይጨምርም። የውጭው ጆሮ ድምፅ የሚሰበስብና ወደ አቅጣጫው የሚዞር ክፍል ነው። ቆርጦ መጣል ሥቃይ ብቻ ነው፤ እባካችሁ ተዉት።

ውሻን ከሌሎቹ የሚለየው የሰማውን መለየቱ ነው። የቤተሰቡን ኮቴ ያውቃል፤ የመኪናችሁንም ሞተር ያውቃል። ለእናንተ ዝም ብሎ ለእንግዳ ይጮኻል። ይህን የማጣራት ችሎታ የሚያበላሸው ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰር ነው። ታስሮ የዋለ ውሻ ለሁሉም ነገር ይጮኻል፤ እናንተም መስማት ትተዋላችሁ።

ድክመት አለው። ከ8 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ጆሮው እየደከመ ይሄዳል። ያለ ምክንያት ሰነፈ የሚባል አሮጌ ውሻ ብዙ ጊዜ ያልሰማ ውሻ ነው። ሌባም በተመረዘ ሥጋ ሊያጠቃው ይችላል። ከሁሉ በላይ የውሻ እብደት በሽታ አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን ይገድላል፤ ስለዚህ ክትባቱን በየዓመቱ ማስከተብ ግዴታ ነው። ለክትባቱ በጀት ካልያዛችሁ ውሻ አትግዙ።

ስትገዙ ጆሮውን ፈትኑ። ቡችላ ሲወለድ ጆሮው ዝግ ነው፤ የሚከፈተው በሁለት ሳምንት አካባቢ ነው። ስለዚህ ሁለት ወር ሳይጠጋ አትፈትኑት። ከጀርባው ሆናችሁ፣ ሳያያችሁ፣ ቁልፍ አንሿሹ። በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ቡችላ ይነቃል፤ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይዞራል። ከግራም ከቀኝም ሞክሩ። መሬት አትርገጡ፤ ንዝረቱን በእግሩ ይሰማዋል። ነጭ ፀጉር የሚበዛባቸው ቡችላዎች ላይ በተለይ ጠንቀቅ በሉ። ከነጭ ቀለም ጋር የሚመጣ የመስማት ችግር በውሾች የታወቀ ነው።

ዝይ

ብዙ ሰው የሚገረመው እዚህ ላይ ነው። የአብዛኞቹ ወፎች ጆሮ ምርጥ የሚሆነው ከ1,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው ክልል ነው። ከ10,000 ሄርዝ በላይ ብዙዎቹ አይሰሙም። ከሰው እንኳ ይጠባል ማለት ነው። ታዲያ ዝይ የጥበቃ ዝናውን ከየት አመጣው?

መልሱ ያለው በአራተኛው መለኪያ፣ በእንቅልፍ ውስጥ ነው። በ1999 የታተመ ጥናት የዝይ ዘመድ የሆኑትን ዳክዬዎች ሲተኙ ተመልክቶ ነበር። በመንጋው ዳር የተኙት ዳክዬዎች የአንጎላቸውን ግማሽ ብቻ እያሳረፉ፣ ወደ ውጭ የሚያየውን ዓይናቸውን ከፍተው ያድሩ ነበር። የመንጋ ወፍ ለእንቅልፍ እንኳ ዘብ ያቆማል። ዝይ ሲጠራጠር ደግሞ ዝም አይልም። አንዱ ሲጀምር ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ሰፈሩ ይነቃል።

ታሪኩም ረጅም ነው። ጋሎች የሚባሉት ሕዝቦች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ390 ዓመት አካባቢ ሮምን በወረሩ ጊዜ በሌሊት የካፒቶሊንን ኮረብታ ሲወጡ ውሾቹ ዝም እንዳሉና የጮኹት ዝዮቹ እንደነበሩ የጥንት የሮም ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በዘመናችንም በስኮትላንድ ደምባርተን ከተማ የባለንታይን ዊስኪ መጋዘኖች ከ1959 እስከ 2012 በዝዮች ተጠብቀዋል። ኩባንያው ብሎ ብሎ ካሜራ ያስገባው በመጨረሻ ነው።

ዝይ ሥጋ አይበላም። ስለዚህ አጥር ላይ የሚወረወረው የተመረዘ ሥጋ አያታልለውም። ሣር ይግጣል፤ ሣር ካላችሁ መኖው ይቀላል። ዕድሜውም ረጅም ነው፤ በደንብ ከተያዘ 20 ዓመት ሊኖር ይችላል።

የዕድሜን ነገር ካነሳሁ አይቀር አንድ በጣም የምወደው ነገር ልጨምር። በሰውና በውሻ ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በወፎች ግን እንደገና ያድጋሉ። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በጫጩቶችና በድርጭቶች ላይ ይህን ደርሰውበታል። ያረጁ ጉጉቶችም ላይ የተደረገ ጥናት የመስማት ችሎታቸው ከወጣቶቹ ብዙ እንደማይተናነስ አሳይቷል። ውሻ ጠባቂ ሲያረጅ ጆሮውን ታጡታላችሁ። ላባ ያለው ጠባቂ በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አለው።

ችግሩ ጩኸቱ ምርጫ የለውም። ፖስታ አድራሹም፣ ዘመዳችሁም፣ የጎረቤት ድመትም እኩል ያስጮኹታል። ኩስ ይበዛል። ወንዱ በተለይ በመራቢያ ወቅት ትናንሽ ልጆችን ይነክሳል፤ በክንፉም ይመታል። ራሱን የሚነክርበት ውኃ ይፈልጋል። ብቻውን አይሆንለትም፤ ቢያንስ ጥንድ መሆን አለበት። ጅብ ወይም ቀበሮ ባለበት አካባቢ ማታ ቤት ውስጥ ዝጉበት። ተዘግቶም ይጮኻል፤ ሥራውን ይሠራል።

ጅግራ

ጅግራ የአፍሪካ ወፍ ናት። በሀገራችንም በዱር ትኖራለች። በ1984 የታተመ ጥናት አንጎሏ ሰው ለማይሰማው እጅግ ወፍራም ድምፅ፣ ከ20 ሄርዝ በታች ላለው፣ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ይህ ለሳይንስ ትልቅ ነገር ነው። ለግቢ ጥበቃ ግን ዋናው ጉልበቷ ጩኸቷ ነው።

ቀን ላይ አንደኛ ናት። ጭልፊት ሲያንዣብብ፣ እባብ ሲገባ፣ እንግዳ ሲመጣ ቀድማ ትጮኻለች። ዶሮዎቻችሁ ጩኸቷን ሰምተው ይሸሸጋሉ። መዥገርና ነፍሳትም ትለቅማለች። ማታ ግን ዛፍ ወይም ቆጥ ላይ ወጥታ ትተኛለች፤ በጨለማ ደህና አድርጋ አታይም። ቀን ደግሞ ለምንም ነገር ትጮኻለች። ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ጎረቤት ካለ አይሞከርም።

ከጫካ ተይዛ የመጣች ጅግራ አትግዙ። ትበራለች፤ አትለምድም፤ ዱሩንም ማራቆት ነው። እቤት የተፈለፈለችውን ፈልጉ።

ድመት

ከስድስቱ ውስጥ ሰፊው ጆሮ የድመት ነው። ከ48 እስከ 85,000 ሄርዝ ገደማ ይሰማል። እያንዳንዱን ጆሮ የሚያዞሩት ከ30 በላይ ጡንቻዎች አሉት፤ ሁለቱን ጆሮዎች ለየብቻ ያዞራል። አቅጣጫ የመለየት አቅሙም ከውሻ ትንሽ ይሻላል። ይህ ሁሉ የተሠራው ለአንድ ሥራ ነው። እኛ የማንሰማውን የአይጥ ድምፅ ይሰማል፤ ሳያይ ከየት እንደሆነ ያውቃል።

ሌባ ሲመጣ ግን ድመት ሰምታ አልጋ ሥር ትገባለች። በሦስተኛው መለኪያ ለጥበቃ ዜሮ ናት። ለእህል መጋዘን፣ ለሱቅ፣ ለዶሮ መኖ ቤት ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ ናት።

ሶኬት ላይ የሚሰካ "አይጥ አባራሪ" የሚባል ዕቃ ገበያ ላይ አለ። ቀጭን ድምፅ አውጥቶ አይጥ ያባርራል ይባላል። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2001 ለእነዚህ ዕቃዎች ከ60 በላይ አምራቾችና ሻጮች፣ የሚሉትን በማስረጃ እንዲደግፉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ግድግዳና የቤት ዕቃ ያግደዋል፤ አይጥም ይለምደዋል። የሚገርመው ድመታችሁም ትሰማዋለች። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ። ገንዘቡን ለድመቷ ክትባት አውሉት።

ሌላ ጥንቃቄ፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ሰማያዊ የሆኑ ነጭ ድመት ስትገዙ ጆሮዋን ፈትኑ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ደንቆሮ ሆነው ይወለዳሉ።

ጉጉት

ጉጉት አይገዛም። እዚህ ያስገባሁት ለአይጥ መፍትሔ ሲነጻጸር መቅረት ስለማይገባው ነው። የማወራው ፊቱ ነጭና የልብ ቅርጽ ስላለው፣ በአሮጌ ቤቶችና በጣራ ሥር ስለሚኖረው ጉጉት ነው።

የመስማት ጣሪያው 12,000 ሄርዝ ገደማ ብቻ ነው። ግን በሁለተኛው መለኪያ ወደር የለውም፤ ከሰው ጋር ይወዳደራል። ፊቱ እንደ ሳህን ድምፅ ይሰበስባል። ሁለቱ ጆሮዎቹ በቁመት እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። በዚህ የተነሣ ድምፁ ከግራና ከቀኝ ብቻ ሳይሆን ከላይና ከታችም የት እንዳለ ያውቃል። ኋላ ላይ በዓሣ ነባሪ መዝሙር ጥናቱ የታወቀው ሮጀር ፔይን ይህን ድቅድቅ ባለ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሞክሯል። ቅጠል በተነሰነሰበት ወለል ላይ አይጥ ሲለቅ ጉጉቱ ያዘው። ከዚያ አይጥ የሚያክል የተጨማደደ ወረቀት በክር ጎተተ። ጉጉቱ ወረቀቱንም መታው። ሽታም፣ ሙቀትም፣ ዓይንም አልነበረም። ጆሮ ብቻ።

በእስራኤል ቤት ሸአን ሸለቆ የሚገኘው የስዴ ኤሊያሁ ኪቡትስ (የጋራ እርሻ መንደር) ገበሬዎች ከ1980ዎቹ ጀምረው ለጉጉቶች የእንጨት ሣጥን እየሰቀሉ የእርሻ አይጥን ይቀንሳሉ። ኋላም ከዮርዳኖስ ወንዝ ማዶ ያሉት የዮርዳኖስ ሀገር ገበሬዎች ሥራውን ተቀላቅለዋል። እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች ሣጥኖቹን ማሳ ዳር ሳታዩ አልቀራችሁም።

እኛ ጋ ጉጉት ሲጮኽ "ሰው ሊሞት ነው" ይባልና በድንጋይ ይባረራል። ይህ ያሳዝነኛል። እህል የሚጠብቅላችሁን ወፍ ነው የምታባርሩት። ጣራችሁ ሥር ካለ ተዉት። የአይጥ መርዝ ግን አትጠቀሙ፤ የተመረዘ አይጥ የበላ ጉጉት ይሞታል። ድመትም እንዲሁ።

አህያ

አህያ በአሜሪካና በአውስትራሊያ በግ ለመጠበቅ ይያዛል። ጆሮው ትልቅ ነው፤ የውሻ ወገን የሆነ አውሬ ይጠላል። የቅርብ ዘመዱ ፈረስ ግን አቅጣጫ የሚለየው በ25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በጣም ደካማ ነው። እኛ ሀገር ደግሞ የሚመጣው ጅብ ነው። በ2012 በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት የታተመ ሲሆን፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች የሚጥሉት ትርፍራፊ ሲቀንስ ጅቦች ወደ አህያ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። አህያ እዚህ የሚጠበቅ እንጂ የሚጠብቅ አይደለም።

በአንድ ሰንጠረዥ

| እንስሳ | የሚሰማው ጣሪያ (ሄርዝ፣ ገደማ) | አቅጣጫ መለየት | ሰምቶ ምን ያደርጋል | ሌሊት | ወጪ | ለምን ይሻላል |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ውሻ | 45,000 | ጥሩ | አጣርቶ ይጮኻል፣ ይሄድበታል | በጣም ጥሩ | መካከለኛ፣ ትልቅ ዝርያ ከሆነ ከፍተኛ | ሌባ፣ ጅብን ቀድሞ ማወቅ |
| ዝይ | 10,000 | መካከለኛ | ለሁሉም ይጮኻል | በጣም ጥሩ | ሣር ካለ ዝቅተኛ | ሰፊ ግቢ |
| ጅግራ | 10,000 | መካከለኛ | ለሁሉም ይጮኻል | ደካማ | ዝቅተኛ | ጭልፊትና እባብ |
| ድመት | 85,000 | ጥሩ | ዝም ብላ ታድናለች | ጥሩ | ዝቅተኛ | አይጥ፣ ቤት ውስጥ |
| ጉጉት | 12,000 | እጅግ ጥሩ | ዝም ብሎ ያድናል | እጅግ ጥሩ | የለውም | አይጥ፣ ማሳና መጋዘን |
| አህያ | 33,000 (የፈረስ) | ደካማ | ያናፋል፣ ይራገጣል | መካከለኛ | ከፍተኛ | እኛ ሀገር አይመከርም |

ለእናንተ የሚሆነው

*ከተማ ውስጥ ጠባብ ግቢ ካላችሁ፤* አንድ የሀበሻ ውሻ። ዝይም ጅግራም ከጎረቤት ያጣላችኋል። ቀን አስራችሁ ማታ ከምትፈቱት በግቢው ውስጥ እንዲንቀሳቀስ አድርጉት።

*ኮንዶሚኒየም ከሆነ፤* ድመት ብቻ፤ እሱም አይጥ ካለ።

*ሰፊ ግቢና ሣር ካላችሁ፤* ጥንድ ዝይ ከአንድ ውሻ ጋር። ሁለቱን ከትንሽነታቸው አብራችሁ አሳድጉ፤ አለዚያ ውሻው ዝዮቹን ይበላል። ዝዮቹ ይቀሰቅሳሉ፤ ውሻው ያጣራል። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ይህን ጥምረት ነው። ውሻው ሲያረጅም ዝዮቹ አሉለት።

*ዶሮ የምታረቡ፣ በተለይ ዶሮው ቀን ውጭ የሚውል ከሆነ፤* ጥቂት ጅግራዎች ከዶሮዎቹ ጋር ቀላቅሉ። ለማታው የጅግራ ጆሮ አይበቃም። ሸለምጥማጥ የሚገባው ሌሊት ነው። የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ድፈኑ፤ ውሻውንም በአጠገቡ አስተኙ።

*በግና ፍየል ያለው፣ ጅብ በሚዞርበት አካባቢ፤* ሁለት ውሾችና ጥብቅ በረት። አንድ ውሻ ጅብን ብቻውን አይመክትም፤ ሥራው እናንተን መቀስቀስ ነው። አህያውንም በረት ውስጥ አሳድሩ።

*እህል የምታከማቹ፤* ቤት ውስጥ ድመት፣ ውጭ ጉጉት። መርዝ ከሁለቱም ጋር አይሄድም፤ አንዱን መንገድ ምረጡ።

*በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ፤* ውሻቸው የወለደች ጎረቤት ፈልጉ። ቡችላ ብዙ ጊዜ በነፃ ወይም በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ያላችሁን ብር ለእብደት በሽታ ክትባትና ለወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ አስቀምጡት። ቡችላውን ስታመጡ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጀርባው አንሿሹለት።